አንቲ፣ መቼ ነው የምትሄጂው?

ከምሽቱ 1 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ኮሪደሩ ላይ ሰልፍ ይያዛል። ደወል አይደወልም፤ የእራት ሳህን ሲነሳ ልጆቹ ራሳቸው ያውቁታል። ሲስተሯ የመድኃኒቱን ጋሪ እየገፋች ከቢሮዋ ትወጣለች። ጋሪው ላይ የየልጁ ስም የተለጠፈባቸው ትንንሽ የፕላስቲክ ኩባያዎች፣ አንድ ጆግ ውኃ፣ አንድ ደብተርና በክር የታሰረ እስክሪብቶ አለ። ክኒኑ ኩባያው ውስጥ ይገባል፤ ትንሽ ውኃ ጠብ ይደረግበታል፤ ወዲያው ይሟሟል። ልጁ አንዴ ጭልጥ ያደርግና መጨረሱን ለማሳየት ኩባያውን ይዘቀዝቃል። ሲስተሯ ደብተሩ ላይ ምልክት አድርጋ ቀጣዩን ትጠራለች። መድኃኒቱ የእንጆሪ ጣዕም ስላለው ከትንንሾቹ መካከል የኩባያውን ጥግ በጣቱ ጠርጎ የሚልስ አይጠፋም።

ቦታው ደቡብ አፍሪካ፣ ክዋዙሉ ናታል ነው፤ ከደርባን ከተማ ወደ መሃል አገር ሲኬድ ኮረብታ በኮረብታ ላይ የሚደራረብበት አካባቢ። ቤቱ የልጆች ማሳደጊያ ነው፤ የሚያስተዳድሩትም የሚሲዮን ሲስተሮች ናቸው። ልጆቹ እንዳይታወቁ ስል የቤቱንም የሰዎቹንም ስም አልጠቅስም። እኔ እዚያ የሄድኩት ለበጎ ፈቃድ ሥራ ነው። እንደ አብዛኛው በጎ ፈቃደኛ ልጅ አቅፌ፣ ተረት አውርቼ፣ ኳስ ተጫውቼ የምመለስ መስሎኝ ነበር። ቤቱ ግን ሌላ ሥራ ነበረው።

የሽሮፑ ዘመን

“ዛሬማ ምን አለ፣ ጨዋታ ነው” አለችኝ ሲስተሯ ጋሪውን እየመለሰች። “በሽሮፑ ጊዜ መጥተሽ ቢሆን እጅጌሽን ሰብስበሽ አንዱን ትይዢልኝ ነበር።”

ሽሮፑ ሎፒናቪርና ሪቶናቪር የሚባሉ ሁለት ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቶች የተዋሃዱበት ነው። ከመቶ 42 እጅ ያህሉ አልኮል ነው፤ ምሬቱም ከአፍ ቶሎ አይለቅም። ይህንን ጠዋትና ማታ፣ በየቀኑ፣ ገና ጥርስ ላላወጣ ሕፃን ማጠጣት ነበረባቸው። ሞግዚቶቹ የራሳቸውን መላ ፈጠሩ፦ መጀመሪያ ምላሱ ላይ የለውዝ ቅቤ ይቀባል፤ ሽሮፑ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በጉንጩ በኩል ቀስ እየተባለ ይገባል፤ ከዚያ እንደገና የለውዝ ቅቤ። የተፋ ይደገምለታል። አንዱ እስኪውጥ የሌላው ገንፎ ይቀዘቅዛል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በውኃ የሚሟሟው፣ ዶሉቴግራቪር የተባለው የሕፃናት ክኒን ለአንድ ልጅ በዓመት 36 ዶላር እንደሚሸጥ ይፋ ሆነ፤ ከዚያ በፊት የነበረው ሕክምና ከ400 ዶላር በላይ ይፈጅ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በቀጣዩ ዓመት ክኒኑ ወደ አፍሪካ አገሮች መግባት ጀመረ፤ ያ ሁሉ ትግል ወደ አንድ ኩባያ ውኃ አጠረ።

ከሽሮፑ በፊት ስለነበረው ጊዜ ሲስተሯ ብዙ አታወራም። ብትጠየቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወዳለው የመቃብር ቦታ በአገጯ ታመለክታለች። ኤችአይቪ ይዘው ከተወለዱ ሕፃናት መካከል ሕክምና ካላገኙ ግማሽ ያህሉ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ በደቡብ አፍሪካ የሆነው ይኸው ነው።

ለእነዚህ ልጆች በር ከከፈቱት መካከል ሚሲዮኖች ቀዳሚ መሆናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በደርባን አቅራቢያ በ1882 ፍራንዝ ፕፋነር የተባሉ መነኩሴ የትራፒስት ገዳም መሠረቱ፤ ስሙ ማሪያንሂል ይባላል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በዓለም ትልቁ የትራፒስት ገዳም ለመሆን በቅቶ ነበር። ትራፒስቶች ዝምታን የሚመርጡ መነኮሳት ቢሆኑም የማሪያንሂሎቹ ትምህርት ቤት፣ እርሻና ማተሚያ ቤት አቋቁመው፣ የእህትማማቾች ማኅበር ጨምረው በየኮረብታው ተሰማሩ። ሥራቸው ከገዳም ሕግ ጋር አልሄድ ስላለም በ1909 ከትራፒስቶች ተለይተው ራሳቸውን የቻሉ ሚሲዮናውያን ሆኑ። እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤትና አልጋ ያለው ሕንፃ ነበራቸው። ወረርሽኙ ሲመጣ እናት የሞተባትን ሕፃን አዝሎ የመጣ ዘመድ የሚያንኳኳው የሚያውቀውን በር ነበር።

የዚያን ዘመን ልጆች ዓለም ያወቃቸው በአንድ ልጅ በኩል ነው። ንኮሲ ጆንሰን በ1989 ከቫይረሱ ጋር ተወለደ። እናቱ መታመሟን አውቃ ከመሞቷ በፊት ለጌል ጆንሰን ሰጠችው፤ ጌልም እንደ ልጇ አሳደገችው። በ1997 ኤችአይቪ ስላለበት ትምህርት ቤት አንቀበልም ሲለው ጉዳዩ አገር አነጋገረ። በሐምሌ 2000 ደርባን በተካሄደው 13ኛው ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤ መክፈቻ ላይ፣ በ11 ዓመቱ፣ ሰውነቱን የዋጠ ሱፍ ለብሶ መድረክ ላይ ቆመና መንግሥት ለነፍሰ ጡሮች መድኃኒት እንዲሰጥ ጠየቀ። በቀጣዩ ዓመት ሰኔ 1 ቀን አረፈ። በ2002 የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ የሚያግዘው ኔቪራፒን ለእናቶች እንዲዳረስ ወሰነ። በ2004 ደግሞ በመንግሥት ሆስፒታሎች ሕክምናው ተጀመረ።

የንኮሲ ታሪክ ሲነገር አንድ ነገር ይታለፋል። ያ ልጅ የኖረው ሰው ስላቀፈው ብቻ አይደለም፤ ያቀፈችው ሴት እስከ መጨረሻው አብራው ስለነበረች ነው።

ሮጦ የሚመጣው ልጅ

ወደ ግቢው በገባሁበት ጠዋት አራት ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ ከሣሩ ላይ ተነስቶ እየሮጠ መጣና ጉልበቴን አቀፈ። ስሜን አያውቅም፣ ከዚያ በፊት አይቶኝ አያውቅም። አንስቼ ብይዘው አንገቴ ውስጥ ተሸጎጠ። የሚፈልገኝ መሰለኝ፤ እዚያ የሚሄድ ሰው ሁሉ ይመስለዋል። ከቤቱ ሞግዚቶች አንዷ ልብስ እያሰጣች አየችንና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ትንሽ ቆይቶ የጋዝ ሲሊንደር የሚያመጣው ሾፌር ሲገባ ልጁ ከእቅፌ ወርዶ የእሱንም ጉልበት ሄዶ አቀፈ።

ቤተሰብ ውስጥ ያደገ የአራት ዓመት ልጅ እንዲህ አያደርግም። እንግዳ ሲያይ ከእናቱ ቀሚስ ጀርባ ይደበቃል፤ ሰውየውን ለክቶ ሲጨርስ ብቻ ይወጣል። ያ ፍርሃት የጤና ምልክት ነው፤ የእኔ የሚለው ሰው አለውና። ሁሉንም እኩል የሚያቅፍ ልጅ ግን ማንን እንደሚይዝ ያልተረጋገጠለት ልጅ ነው። ፎቶግራፍ ላይ ደስታ የሚመስለውን ነገር ባለሙያዎች የሚያነቡት እንደ ጉዳት ነው።

በቤቱ ውስጥ ሁለት ዓይነት መጠሪያ አለ። የምታሳድጋቸው ሞግዚት “ማማ” ናት። እንደ እኔ ያለችው “አንቲ” ናት። ማማዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አንቲዎች ግን ልጆቹ ከሚያስታውሱት በላይ ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ያህል የሚሆናት ልጅ ልብስ እያጣጠፍን ሳለ ካልሲ ከካልሲ ማዛመዷን ሳታቋርጥ፣ “አንቲ፣ መቼ ነው የምትሄጂው?” አለችኝ። ክፋት የለበትም፤ የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚጠየቅ ነው የጠየቀችኝ። ምን ልበላት ብዬ ማማዋን አየሁ።

“ሁሉንም ትጠይቃለች” አለች ማማዋ። “ቀኑን ንገሪያት። የሚከብዳት ሳይነግሯት የሄዱት ናቸው።”

ዘጠኝ ቀን በማሳደጊያ

ጄምስና ጆይስ ሮበርትሰን የተባሉ ብሪታንያውያን ባልና ሚስት በ1969 አንድ ፊልም ሠርተው ነበር። የፊልሙ ልጅ ጆን ይባላል፤ የ17 ወር ሕፃን ነው። እናቱ ሁለተኛ ልጇን ለመውለድ ሆስፒታል ስትገባ ለዘጠኝ ቀን ማሳደጊያ ይቀመጣል። ማሳደጊያው ንጹሕ ነው፤ ሞግዚቶቹ ወጣትና ደግ ናቸው። ችግሩ አሠራሩ ነው። አንዷ ታለብሳለች፣ ሌላዋ ታበላለች፣ ሦስተኛዋ ታስተኛለች፤ እያንዳንዷ የሥራ ድርሻ አላት፣ የራሷ ልጅ ግን የላትም። ጆን መጀመሪያ አንዷን መርጦ ወደ እሷ ለመጠጋት ይሞክራል። ፈረቃዋ ያበቃል። ሌላዋን ይሞክራል። እዚያ ያደጉት ልጆች ገፍተውት ያልፋሉ። ከቀናት በኋላ ምግብ መብላት ይቀንሳል፣ መጫወት ይተዋል፣ ትልቅ የአሻንጉሊት ድብ አቅፎ ወለል ላይ ይተኛል። በዘጠነኛው ቀን እናቱ ስትመጣ አልያዝም ብሎ ያለቅሳል።

ዘጠኝ ቀን ይህን ካደረገ ዓመታት ምን እንደሚያደርጉ በሮማኒያ ታይቷል። ከ2000 ጀምሮ በቡካሬስት በተካሄደው ጥናት በማሳደጊያ የነበሩ 136 ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ አሳዳጊ ቤተሰብ ተገኘላቸው፣ ሌሎቹ የተለመደው አያያዝ ቀጠለላቸው። ወደ ቤተሰብ የሄዱት በአእምሮ እድገትም በስሜት ትስስርም የተሻለ ውጤት አሳዩ፤ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የሄዱት። በደቡብ አፍሪካም ሊንዳ ሪክተርና ኤሚ ኖርማን በ2010 ባሳተሙት ጽሑፍ የውጭ በጎ ፈቃደኞች በኤድስ ወላጅ ያጡ ልጆችን ለአጭር ጊዜ አቅፈው መሄዳቸው ለትንንሽ ልጆች አደጋ መሆኑን አስጠነቀቁ። ልጁ ከእያንዳንዱ መጪ ጋር ይተሳሰራል፤ በእያንዳንዱ ሂያጅ ደግሞ አንዴ ያጣውን እንደገና ያጣል።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ2009 ባጸደቀው መመሪያ ከሦስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በቤተሰብ ውስጥ እንዲያድጉ መክሯል። በ2019 ባሳለፈው ውሳኔ ደግሞ በማሳደጊያ ቤቶች ዙሪያ የሚደረገው የበጎ ፈቃድ ቱሪዝም ልጆችን ለብዝበዛ እንዳይዳርግ መንግሥታት እርምጃ እንዲወስዱ ጠይቋል። ሥጋቱ የልብ ብቻ አይደለም፤ የገንዘብም ነው። ጎብኚ ከፍሎ የሚመጣበት ቤት አልጋው ባዶ እንዳይሆን ይፈልጋል፤ አልጋውን ለመሙላት ደግሞ ወላጅ ያላቸውን ልጆች ከድሃ ቤት የሚያሰባስቡ ደላሎች በተለያዩ አገሮች ተገኝተዋል። የአውስትራሊያ ፓርላማ በ2017 ስለ ዘመናዊ ባርነት ምርመራ ሲያደርግ ይህንኑ ጉዳይ አንስቶታል።

ታዲያ በጎ ፈቃደኛ አያስፈልግም ማለት ነው? እኔ የነበርኩበት ቤት መልሱን በሥራ ክፍፍሉ ይሰጣል።

ማጠቢያ ቤቱ

የመጀመሪያው የሥራ ድልድሌ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር። በማሳደጊያ ቤት ሌሊት አልጋ የሚያረጥቡ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ጠዋት የአንሶላው ክምር ከወገብ በላይ ይደርሳል። ማሽኑ ሁለት ነው፤ አንደኛው ሲሽከረከር ከቦታው እየተንቀሳቀሰ ስለሚሄድ እግሩ ሥር ጣውላ ተሸጉጧል። መብራት በተራ በሚጠፋበት ጊዜ ሰሌዳው ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ እጥበቱም በዚያ ሰሌዳ ይመራል። ኮረብታው ላይ ጭጋግ ሲወርድ ልብስ ሁለት ቀን ሙሉ አይደርቅም። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ግን ሰኞ ጠዋት መድረቅ አለበት። ስለዚህ የካልሲ ጥንድ መፈለግ፣ የቀሚስ ጠርዝ መልቀቅ፣ የላላ የሱሪ ላስቲክ መቀየር፣ ማታ በካውያ ማድረቅ የአንቲዎች ሥራ ሆነ።

ምክንያቱን ዋናዋ ማማ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀመጠችው፦ “አንሶላውን አንቺ ስታጥቢ እኔ አልጋው ላይ ከልጁ ጋር እቀመጣለሁ።”

የቤቱ ሕግ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ሕፃን የምታበላው፣ የምታጥበውና የምታስተኛው ማማው ብቻ ናት። ልጅ ወድቆ ካለቀሰ አንቲ አንስታ ወደ ማማው ትወስደዋለች። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ከረሜላና ስጦታ በእጅ አይሰጥም፤ ቢሮ ገብቶ በማማዎቹ በኩል ይደርሳል፤ አመስጋኝነቱም ለእነሱ ይሁን ተብሎ። አንድ በጎ ፈቃደኛና አንድ ልጅ ብቻቸውን የሚሆኑበት የተዘጋ በር አይኖርም። ከመምጣቴ በፊትም ከፖሊስ የወንጀል ነጻ ማስረጃ ጠይቀውኛል። በደቡብ አፍሪካ ሕግ ከልጆች ጋር የሚሠራ ሰው በልጆች ጥበቃ መዝገብና በወሲብ ወንጀለኞች መዝገብ ላይ ስሙ አለመኖሩ ይጣራል። ይህን ሳይጠይቅ “እንኳን ደህና መጣሽ” የሚል ቤት ሌላውንም ሰው እንዲሁ እያስገባ ነው።

ለቤቱ የጠቀሙት ሌሎቹ በጎ ፈቃደኞችም እንደዚሁ ልጅ ሳያቅፉ የሠሩ ናቸው። ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ የመታጠቢያ ክፍሉን መስመር ሙሉ በሙሉ ቀየረ። አንዲት ሒሳብ ሠራተኛ ለዓመታት በካርቶን የተጠራቀመውን ደረሰኝ ለኦዲት አዘጋጀች። አንዲት ነርስ የማታ ፈረቃ ያዘች፤ ማማዎቹ በየተራ ቤታቸው ሄደው የራሳቸውን ልጆች አዩ። ማማ ስትደክም ሥራዋን ትለቃለች፤ ማማ ስትለቅ ደግሞ በእጇ ያሉት ስምንት ልጆች በአንድ ቀን እናት ያጣሉ። ድካሟን ማቅለል ለልጁ የሚደረግ ትልቁ ነገር ነው።

የጎጎ ቤት

በማሳደጊያ ቤቶች የሚያድጉ ልጆች በሙሉ ወላጅ የሌላቸው ይመስለናል። በዓለም ዙሪያ እንዲህ ባሉ ቤቶች ከሚኖሩት አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው፤ ሌላውም ዘመድ አያጣም። ያመጣቸው ድህነት፣ በሽታ ወይም የጎደለ ወረቀት ነው። በዚህ ቤት ከሁሉ የከበደው ሥራ የሶሻል ወርከሯ ነበር፤ በየፋይሉ ውስጥ የጠፋ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የተቀየረ ስልክ ቁጥርና “አያት ገጠር” የምትል አንድ መስመር።

አንድ ቀን ከእሷ ጋር ወጣሁ። መንገድ ላይ ለምንጎበኛት አያት ስኳርና የበቆሎ ዱቄት ልንገዛ አንዲት የሰፈር ሱቅ ጎራ ስንል ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ያለው ወጣት ፊቴን አይቶ በአማርኛ ሰላም አለኝ፤ የሆሳዕና ልጅ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በየመንደሩ ሱቅ የከፈቱ የሃዲያና የከምባታ ልጆች ብዙ ናቸው። የምንሄድበትን መንደር መንገድ ከጂፒኤሱ የተሻለ ያውቀው ነበር፤ አቅጣጫውን ለእኔ በአማርኛ፣ ለሶሻል ወርከሯ በዙሉ አስረዳን።

አያቷን ልጆቹም ጎረቤቱም “ጎጎ” ይሏታል። ከክቡ ጎጆ ፊት ለፊት ምንጣፍ አነጠፈችልን። ከኢትዮጵያ መምጣቴን ስትሰማ ባሏ የ“ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን” ሰው እንደነበር ነገረችኝ። ማንጌና ሞኮኔ የተባሉ አገልጋይ በ1892 ፕሪቶሪያ ውስጥ ከነጮች ሚሲዮን ወጥተው ያቋቋሙት ቤተ ክርስቲያን በአገራችን ስም ተጠርቷል፤ ከዚያ የበቀሉ ማኅበሮች ዛሬም በደቡብ አፍሪካ አሉ። አፍሪካውያን የሚሲዮንን እንጀራ እየበሉም ቢሆን ሞግዚትነቱን አንፈልግም ያሉበት ታሪክ ነው፤ ጎጎዋም የዚያ ልጅ ናት። የልጅ ልጇን አሳልፋ የሰጠችው አልፈልግም ብላ እንዳልሆነ ደጋግማ ተናገረች። ልጇ ስትሞት ሕፃኑ መድኃኒት ይወስዳል፣ ክሊኒኩ ሩቅ ነው፣ የልደት ወረቀት ስለሌለው ድጎማ አይከፈለውም።

ደቡብ አፍሪካ ከ1998 ጀምሮ ለድሃ ልጆች አሳዳጊ ወርኃዊ ድጎማ ትከፍላለች። በ100 ራንድ ተጀምሮ በ2025 ላይ 560 ራንድ ደርሶ ነበር። ብዙ አይደለም፤ ከአያት ጡረታ ጋር ሲደመር ግን አንድ ልጅ በገዛ ቤቱ እንዲያድር ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ያን ቀን የተሠራው ሥራ ፎርም መሙላት ነበር፦ የሞት ምስክር ወረቀት ቅጂ፣ የክሊኒክ ካርድ፣ የጎጎ የጣት አሻራ። ማንም ፎቶ አንስቶ ለወዳጆቹ የሚልከው ዓይነት ሥራ አይደለም።

አገሪቱም ወደዚሁ እየሄደች ነው። ኮትላንድስ የተባለው የጆሃንስበርግ ድርጅት በ1936 በአንዲት ነርስ ተመሥርቶ፣ በ1990ዎቹ ኤድስ ለያዛቸው ሕፃናት የማስታመሚያ ቤት ከፍቶ ነበር። መድኃኒቱ ሲመጣና ልጆች መሞታቸውን ሲያቆሙ አልጋዎቹን አጥፎ ወደ ቅድመ ትምህርትና ወደ አሻንጉሊት ቤተ መጻሕፍት ዞሯል። ኢሲቢንዲ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ የየመንደሩን ሥራ አጥ ሰዎች አሠልጥኖ፣ ወላጅ የሞተባቸው ልጆች ወዳሉበት ቤት ይልካል፤ ምግብ ሲበስል፣ የቤት ሥራ ሲሠራ፣ መድኃኒት ሲዋጥ አብረው ይሆናሉ። ልጁ ከሰፈሩ አይወጣም፤ የሚመጣው ሰውም የዚያው ሰፈር ሰው ስለሆነ ነገም አለ።

ሻንጣ ከማዘጋጀት በፊት

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ፓርላማ በ2018 መጀመሪያ ልጆች ለውጭ አገር ዜጎች በጉዲፈቻ እንዳይሰጡ ከልክሏል፤ ስለዚህ ዘመድ የማግኘቱና አሳዳጊ ቤተሰብ የማዘጋጀቱ ኃላፊነት አገር ውስጥ ቀርቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ልደቱን፣ ምርቃቱን፣ ሠርጉን በልጆች ማሳደጊያ የሚያከብር ሰው ብዙ ነው። ከአሜሪካም ከአውሮፓም ለእረፍት የሚመጣው ወገናችን በልብስ የተሞላ ሻንጣ ይዞ ይሄዳል። ኬክ ይቆረሳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ልጆቹ ይዘፍናሉ። ቅንነቱን የሚጠራጠር የለም። ግን ያን ቀን ከመጡት እንግዶች ስንቱ የሞግዚቷን ደመወዝ ጠይቋል?

ለመሄድ ለሚያስብ ሰው፣ ደርባንም ይሁን ደብረ ዘይት፣ የምመክረው አስቀድሞ እንዲጠይቅ ነው። ወንጀል ነጻ ማስረጃ ይጠይቁኛል? ከሕፃናቱ ጋር ብቻዬን የምሆንበት ሁኔታ አለ? የምሠራውን ሥራ ለመሥራት የአካባቢው ሰው ደመወዝ ቢከፈለው አይሻልም? ስሄድ ሥራው በማን እጅ ይቀራል? ለቤቱ የምከፍለው ገንዘብ ሞግዚቶቹ ጋ ይደርሳል? እነዚህን ጥያቄዎች ደስ ብሎት የሚመልስ ቤት ይገኛል፤ እኔ የነበርኩበት አንዱ ነበር።

ከሁሉም የሚበልጠው የመጨረሻው ጥያቄ ነው፦ ባለፈው ዓመት ስንት ልጆች ወደ ዘመዶቻቸው ተመለሱ? ኃላፊዋ ደብተር አውጥታ ስም በስም ካስረዳች፣ ያ ቤት አንሶላ የሚያጥብለት ሰው ይገባዋል። መልሷ “አልጋዎቻችን ሁሌም ሙሉ ናቸው” ከሆነ ግን የአውሮፕላኑ ትኬት ገንዘብ ለአንድ ሶሻል ወርከር ደመወዝ ምን ያህል እንደሚያግዝ ማስላት ይሻላል።